ሻካራው ፊደል፦ ከታፔላ ብሩሽ እስከ ፎንት

ከጎንደር ተነስቶ በወለቃ፣ በኮሶዬ፣ በአምባ ጊዮርጊስ፣ በገደብዬና በዳባት አድርጎ ደባርቅ የሚደርሰው መንገድ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ መንገድ ዳር የሚነበበው ጽሑፍ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከኮምፒውተር የወጣው ነው፤ የባንክ ላይት ቦክስ፣ የቴሌብር ማስታወቂያ፣ የምርቃት ባነር። ሌላው ሰው በእጁ የጻፈው ነው፤ ላሜራ ላይ በዘይት ቀለም የተጻፈ «ምግብ ቤት»፣ ወፍጮ ቤት ግድግዳ ላይ በሰፊ ብሩሽ የተለቀለቀ ስም፣ ያረጀ ጎማ ላይ ዙሪያውን በነጭ ቀለም የተጻፈ «ጎሚስታ»። ይህ ዳሰሳ የሚያየው ሁለተኛውን ነው፤ ይበልጡን ደግሞ ሁለተኛው ወደ መጀመሪያው ሲገባ የሚሆነውን፣ ማለትም የእጅ ሻካራነት ያለበት ፊደል ፎንት ሆኖ ለአርዕስት፣ ለፖስተር፣ ለማሸጊያና ለታፔላ ሲውል።

በላቲን ፊደል እንዲህ ያለ ፎንት ሞልቶ የተረፈ ነው። በደረቀ ብሩሽ የተጻፈ የሚመስለው፣ በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጫረ የሚመስለው፣ ከእንጨት ተቀርጾ የታተመ የሚመስለው፣ ልጅ የጻፈው የሚመስለው ሁሉ በነጻም በገንዘብም ይገኛል። በግእዝ ፊደል ግን በጣት የሚቆጠር ነው። የፈላጊ ማነስ አይደለም ምክንያቱ፤ ከጎንደር እስከ አዲስ አበባ ካፌ የሚከፍት ሰው ሁሉ «የእጅ የሚመስል ነገር አድርግልኝ» ይላል። ሥራው ከባድ ስለሆነ ነው። ክብደቱም ብዙዎች እንደሚያስቡት በፊደላቱ ብዛት ብቻ የመጣ አይደለም።

አስቀድሞ መጥራት ያለበት ነገር አለ፦ የብራና ጽሑፍ ሻካራ አይደለም። ዲዛይነሮቻችን «ጥንታዊ ይምሰል» ሲባሉ ጠርዙ የተበላ፣ ቀለሙ የተንጠባጠበ ፊደል ይመርጣሉ። ቁም ጸሐፊው ግን ዕድሜውን ሙሉ የሚሸሸው ይህንኑ ነው። ብራናውን በወስፌ ወግቶ፣ መስመሩን አስምሮ፣ መቃውን ቀርጾ፣ ጥቁሩን ቀለም ለንባቡ፣ ቀዩን ለአርዕስቱና ለቅዱሳን ስም አዘጋጅቶ የሚቀመጠው፣ አንዱ «ሀ» ከሌላው «ሀ» ሳይለይ ከመጀመሪያው ቅጠል እስከ መጨረሻው እንዲዘልቅ ነው። በጎንደር ነገሥታት ዘመን፣ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ እስከ 18ኛው መጨረሻ ድረስ የሠለጠነው «ጉልህ» የሚባለው የጽሕፈት ዓይነት የዚህ ትጋት ከፍታ ነው፤ ስሙ እንደሚለው ትልቅ፣ ደልዳላና ከሩቅ የሚነበብ። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት ሰብስበው መቅደላ ያስቀመጧቸው መጻሕፍት በ1860 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦር ተወስደው 350 ገደማ የሚሆኑት ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ፤ ከእነሱ መካከል ጉልህ ምን እንደሚመስል በግልጽ የሚያሳዩ አሉ። እንግዲህ ለ«ጎንደርኛ» ሆቴል ወይም ለቅርስ ዐውደ ርእይ ፊደል የሚፈልግ ሰው ከሻካራ ፎንት ይልቅ ወደ ጉልህ ቢሄድ ለእውነቱ ይቀርባል።

ለሻካራው ፊደል የሩቅ ዘመድ ከተፈለገለት ሌላ ቦታ ነው። አንዱ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነው። በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴን የመሰሉ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ከሥዕሉ አጠገብ የቅዱሱን ስም ወይም የታሪኩን መነሻ የሚናገር አጭር ጽሑፍ ይገኛል። ይህን የሚጽፈው በመቃ ሳይሆን በብሩሽ፣ በብራና ላይ ሳይሆን በግድግዳ ወይም በሸራ ላይ ነው፤ ቦታውም ከሥዕሉ የተረፈው ነው። ስለዚህ ፊደሉ ይጠባል፣ ይሰፋል፣ በመልአኩ ክንፍ ዙሪያ ይታጠፋል። ሌላው የደብተራ ክታብ ነው፤ ጠባብና ረጅም ብራና ላይ በፍጥነት የሚጻፍ፣ ለአንድ ሰው የተሠራ፣ ለሕዝብ ንባብ ያልታሰበ። በሁለቱም ላይ የፊደሉን ቅርጽ የወሰነው የጸሐፊው ትምህርት ብቻ ሳይሆን ቦታውና መሣሪያው ጭምር ነው። ሻካራነት ማለት ይኸው ነው፤ መሣሪያውና የተጻፈበት ነገር በፊደሉ ላይ የተዉት ምልክት።

ኅትመት ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። የመጀመሪያው የግእዝ ኅትመት ዮሐንስ ፖትከን የተባለው ጀርመናዊ በሮም ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1513 ያሳተመው መዝሙረ ዳዊት ነው። ፊደሉ በብረት የቀለጠ ሆኖ የእጅ ጽሕፈትን ለመምሰል የሞከረ ነበር፤ ሻካራነት ካለበትም ሳይፈለግ የመጣ ነው። አገር ውስጥ ደግሞ «አእምሮ» ጋዜጣ በምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ ዓ.ም.፣ ሲጀምር ማተሚያ ስላልነበረው በእጅ እየተገለበጠ ይሰራጭ ነበር። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ የታተመ ፊደል የመንግሥትና የትምህርት ፊደል ሆነ፤ በእጅ የተጻፈው ወደ ገበያና ወደ መንገድ ወረደ። ቀጥሎ የመጣው የጽሕፈት መኪና ነው፤ ስማቸው ከዚህ ጋር የሚነሳው ኢንጂነር አያና ብሩ ናቸው። መኪናው ለእያንዳንዱ ፊደል የሚሆን ቁልፍ ሊይዝ ስለማይችል የግእዙን ቅርጽ ይዞ ቅጥያውን ለብቻው እየመታ ነበር ካዕቡንና ሣልሱን የሚያወጣው። በዚህ ምክንያት ቅጥያው ከፊደሉ ሳይገጥም የተንጠለጠለበት የቢሮ ደብዳቤ ያላየ የዚያ ዘመን ሰው የለም። ይህን ነገር ልብ ይሏል፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ታፔላ ጻፊው ከዚህ ሁሉ ውጭ ያደገ ባለሙያ ነው። አንዳንዱ በ1950 ዓ.ም. በአለ ፈለገ ሰላም መሥራችነት የተከፈተውን የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በር ያየ ነው፤ አብዛኛው ግን ከሌላ ታፔላ ጻፊ ጎን ቆሞ የተማረ ነው። በደርግ ዘመን አደባባይ የሚያለብሱት መፈክሮች፣ የሲኒማ ቤት ማስታወቂያዎች፣ የካሴት ሽፋን ላይ የዘፋኙን ስም የያዙት ወፋፍራም ፊደላት ከእነዚህ ሰዎች እጅ የወጡ ናቸው። በሰሜኑ መንገድ ደግሞ ሥራው ሁሌም ድብልቅ ነው፤ አንድ ሰው በጠዋት የጋራዥ በር ይጽፋል፣ ከሰዓት የጭነት መኪና ጎን ላይ ጥቅስ ያሰፍራል፣ በሳምንቱ የሎጅ ታፔላ ላይ ዋልያ ይሥላል። ወለቃ ላይ ለቤተ እስራኤል መንደር ጎብኚዎች በእንግሊዝኛ የተጻፉት የእጅ ታፔላዎችም የዚሁ ሙያ ናቸው፤ ላቲኑን የጻፈው እጅ ግእዝ የለመደ መሆኑ ከፊደሉ ውፍረት ይታወቃል። የግእዝ ጽሕፈት ቋሚውን ወፍራም፣ አግዳሚውን ቀጭን ያደርጋል፤ ያ እጅ ላቲኑንም እንዲሁ ያደርገዋል።

የታፔላ ጻፊ ፊደል ከቁም ጸሐፊው የሚለየው በሦስት ቦታ ይታያል። መነሻው ላይ መቃ የሚተወው ሰያፍ ጠርዝ በብሩሽ ይድቦለቦላል። ቀለሙ በብሩሹ ላይ እያለቀ ሲሄድ የመጨረሻው ጭረት ይደርቅና የብሩሹ ፀጉር መስመር ይተዋል፤ ዲዛይነሮች ገንዘብ እየከፈሉ የሚገዙት ይህን ነው። ላሜራው ካለቀ ደግሞ ፊደሉ እየጠበበ ይሄዳል፤ «ምግብ» በሰፊው ተጀምሮ «ቤት» ጥጉ ላይ ተጨናንቆ የሚቀመጥበት ታፔላ በየከተማው አለ። ይህ የመጨረሻው በፎንት ሊገባ አይችልም፤ ቢገባም መሳቂያ ነው የሚሆነው።

በኪነ ጥበቡ በኩል ፊደሉን ከንባብ ነጻ ያወጡት ሠዓሊዎች አሉ። ወሰነ ወርቄ ኮስሮፍ፣ በአዲስ አበባ ተምሮ በዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪውን ያገኘና በአሜሪካ የሚኖር፣ ከአርባ ዓመት በላይ የአማርኛ ፊደል እየገነጣጠለ፣ እያጣመመ፣ እየቀጠለ ሲሥል ኖሯል። ከእሱ በፊት እስክንድር ቦጎሲያን ከክታቡ ሥዕልና ጽሑፍ ብዙ ወስዷል። ዲዛይነሮች ሥራዎቻቸውን እያዩ «እንዲህ ያለ ፎንት» ይመኛሉ። እኔ ይህ ምኞት የተሳሳተ ይመስለኛል። ሠዓሊው ፊደሉ እንዲነበብ አይገደድም፤ ታፔላ ግን ካልተነበበ ላሜራ ብቻ ነው።

ወደ ኮምፒውተሩ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ የአማርኛ ሶፍትዌሮች ሲበዙ እያንዳንዱ የራሱን የፊደል አቀማመጥ ይዞ መጣ፤ ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ አጋፋሪ፣ ብራና የሚሉት ስሞች ለዚያ ዘመን ጸሐፊዎች የቤት ስም ናቸው። በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት የላቲን ምልክት ዝናብ ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 የግእዝን ፊደል በ345 ምልክቶች ሲመዘግብ ይህ ችግር መፍትሔ አገኘ። ከዚያ የዊንዶውስ ኒያላ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ከቪስታ ጋር የወጣ፣ ጆን ሃድሰን የተሳተፈበት። አፕል ዤሬሚ ኦርኑስ የሠራውን ከፋን ያዘ። ጉግል ኖቶን አወጣ። እነዚህ ሁሉ ለንባብ የተሠሩ ናቸው፤ ንጹሕ፣ እኩል፣ ጨዋ። ለአርዕስትና ለጌጥ የሚሆነውን ክፍተት ለመድፈን የሞከሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው ማለት ይቻላል። የሰናምርምር ፕሮጀክት በነጻ ከለቀቃቸው ፎንቶች መካከል በቁም ጸሐፊው ይገዙ ብስራት ስም የተሰየሙ አሉ፤ በዳንኤል ያዕቆብ ሥራ የሚታወቀው ግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽንም የእጅ ጽሑፍ መልክ ያለው ፎንት አውጥቷል። ከዚያ ወዲህ ወጣት ዲዛይነሮች በየግላቸው የሠሯቸው በቴሌግራም ሲዞሩ ይታያል፤ አንዳንዱ ጥሩ፣ ብዙው ያላለቀ።

ያላለቀ የሚሆንበትን ምክንያት ለማየት «ሊማሊሞ» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ከደባርቅ በስተ ሰሜን መንገዱ በጠመዝማዛ ቁልቁል የሚወርድበት የታወቀ ቦታ ነው፤ ለሎጅም ለካፌም ለቲሸርትም የሚመች ስም። ታፔላ ጻፊ ሲጽፈው ሁለቱ «ሊ» ሁለት ናቸው፤ የመጀመሪያው በሞላ ብሩሽ፣ ሁለተኛው ቀለሙ ቀነስ ሲል። በሻካራ ፎንት ሲጻፍ ግን በመጀመሪያው «ሊ» እግር ላይ ያለችው ስንጥቅ በሁለተኛው «ሊ» እግር ላይ እዚያው ቦታ፣ ያንኑ ያህል ሆና ትገኛለች። ዓይን ይህን ወዲያው ያውቃል፤ የእጅ የመሰለው ነገር ማኅተም ይሆናል። «አምባ ጊዮርጊስ» ላይም ሁለት «ጊ» አለ። የላቲን ፎንት ሠሪዎች ለዚህ መድኃኒት አላቸው፤ ለእያንዳንዱ ፊደል ሁለት ሦስት ቅርጽ ሠርተው በኦፕንታይፕ ትእዛዝ ፎንቱ ራሱ እያፈራረቀ እንዲያወጣቸው ያደርጋሉ። በላቲን ትንሹንም ትልቁንም ፊደል ቢቆጥሩ 52 ነው፤ በሦስት ቅርጽ 156። የአማርኛ 33 ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ በሦስት ቅርጽ 693 ይሆናል፣ እነ ቋና ጓ ሳይቆጠሩ።

ይህን ያየ ሠሪ አቋራጭ ይፈልጋል። «ለ»ን አንድ ጊዜ በብሩሽ ይጽፍና ስካን አድርጎ፣ ገልብጦ እየለጠፈ፣ እግር እየቆረጠ፣ ቅጥያ እየጨመረ ሰባቱን ያወጣል። የጽሕፈት መኪናው ስሕተት በዚህ በኩል ተመልሶ ይመጣል። ለንባብ ፎንት ይህ መንገድ ጥሩ ነው፤ እኩልነት ይሰጣል። ለሻካራ ፎንት ግን መርዝ ነው፤ ምክንያቱም አሁን የሚደጋገመው «ሊ» እና «ሊ» ብቻ ሳይሆን «ለ፣ ሉ፣ ላ፣ ሎ» ሁሉ ያንኑ ጭረት ተሸክመው ይወጣሉ። አማርኛ ደግሞ ያንኑ ቤተሰብ ደጋግሞ የሚጠራ ቋንቋ ነው። «ለምለም»፣ «ተከተተ»፣ «መጠጥ» ብሎ መሞከር ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ንባቡ ነው። የግእዝ ፊደል አንዱ ከሌላው የሚለየው ብዙ ጊዜ በትንሽ ነገር ነው። ሣልስና ኃምስ የሚለዩት ሣልሱ ጭረት፣ ኃምሱ ቀለበት በመያዙ ነው። ቀለበቷ በሻካራ ጠርዝ ከደፈነች «ቤት» «ቢት» ይሆናል። «ቤት» ደግሞ በኢትዮጵያ ታፔላ ላይ የማይጠፋ ቃል ነው፤ ምግብ ቤት፣ ቡና ቤት፣ ሻይ ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ ወፍጮ ቤት። ሌላው አናት ላይ የሚቀመጠው ሰረዝ ነው፤ ሰ ሸ፣ ተ ቸ፣ ነ ኘ፣ ከ ኸ፣ ዘ ዠ፣ ደ ጀ። ሠሪው ለሻካራነት ሲል አናቱን ሁሉ በሰበዝ ካቆራረጠው፣ ሰረዙ የቱ፣ ጌጡ የቱ እንደሆነ አይታወቅም። ጃናሞራ ዳናሞራ ይሆናል። የራሴ አቋም በዚህ ላይ ግልጽ ነው፦ ሻካራነት በፊደሉ ግንድ ላይ ይሁን፤ ቅጥያው፣ ቀለበቱና የአናቱ ሰረዝ ንጹሕ ይሁኑ። ቀለበቱ ከተለመደው ሰፋ ቢል፣ ሰረዙ ረዘም ቢል ደግሞ የተሻለ ነው። ጥሩ ታፔላ ጻፊዎች ይህን ሳይነገራቸው ያደርጉታል፤ የ«ቤ»ን ቀለበት ከልክ በላይ አግዝፈው፣ አንዳንዴም በሌላ ቀለም ሞልተው ይጽፉታል።

ላቲን ለአርዕስት የሚጠቀምበት አንድ ትልቅ መሣሪያ እኛ ጋ የለም። በትልቁ ፊደል ብቻ መጻፍ ጩኸት ነው፤ ግእዝ ግን ትንሽና ትልቅ ፊደል የለውም። ጸሐፍቱ በቀይ ቀለም፣ በመጠንና በሐረግ ጌጥ ነበር አርዕስት የሚለዩት። ስለዚህ ሻካራ የአማርኛ ፎንት ድምፁን ከፍ የሚያደርገው በውፍረትና በመጠን ነው፤ ቀጭን ሆኖ ሻካራ የሆነ የአማርኛ ፎንት ደካማ እንጂ የእጅ አይመስልም። ከሦስት አራት ቃል በላይም አይሸከምም። የግጥም መድበል ሽፋን ላይ ስሙ፣ የኮንሰርት ፖስተር ላይ የዘፋኙ ስም፣ የቡና ወይም የማር ማሸጊያ ላይ የቦታው ስም፣ ቲሸርት ላይ አንዲት ቃል፣ የፊልም መክፈቻ ላይ ርእሱ፤ እዚህ ሁሉ ያምርበታል። ከሥር የሚመጣው ዝርዝር፣ ዋጋው፣ ክብደቱ፣ አድራሻው በንባብ ፎንት መሄድ አለበት። የሕጻናት መጽሐፍ ላይ በብዛት የሚደረግ ነገር ነው፤ እኔ ግን አልወደውም። ፊደል ገበታ ላይ ቅርጹን ገና የሚለምድ ልጅ ቀለበቱ የደፈነ «ሌ» አይሰጠውም፤ ለሽፋኑ ይሁን፣ ለውስጡ አይሁን። በሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ገደል አፋፍ ላይ የሚተከል ማስጠንቀቂያ፣ የኪሎ ሜትር ምልክት፣ የመድኃኒት ስያሜም እንዲሁ ናቸው፤ «ከአካባቢው ጋር ይስማማ» ተብሎ እንጨት ላይ በሻካራ ፊደል የሚጻፍ ማስጠንቀቂያ ሰው አያስጠነቅቅም።

ሰሜን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ በደባርቅና በአካባቢው ታፔላ ማለት ብዙ ጊዜ የሁለት ቋንቋ ታፔላ ነው። የሻካራ ፎንት እጥረት እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል። ዲዛይነሩ ለእንግሊዝኛው ብሩሽ የመሰለ ውብ ፎንት በደቂቃ ያገኛል፤ ለአማርኛው ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ኒያላ ያስቀምጣል። እንግሊዝኛው ካፌ ነው፣ አማርኛው ቢሮ። የአገሩ ሰው ራሱን በደብዳቤ ፊደል፣ እንግዳውን በፈገግታ ፊደል የጠራ ቤት ይሆናል። ተመጣጣኝ የአማርኛ ፎንት ከታጣ መፍትሔው ቀላል ነው፦ አማርኛውን ለዚያ ታፔላ ብቻ በእጅ ማጻፍ። አራት ቃል ለማጻፍ 693 ቅርጽ አያስፈልግም። ያም ካልሆነ ሁለቱንም በንጹሕ ፎንት መሥራት ከግማሽ ፈገግታ ይሻላል።

ውጭ አገር ባሉ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶችና ቡና ሻጮች ዘንድ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። እ.ኤ.አ. በ1923 ሩዶልፍ ኮህ የተባለ ጀርመናዊ ለክሊንግስፖር ፊደል ማቅለጫ ኖይላንድ የሚባል ፊደል ሠራ። ንድፍ ሳያወጣ በቀጥታ በብረቱ ላይ ስለቀረጸው ወፍራም፣ ጥርብ፣ መጠኑ በተለየ ቁጥር ቅርጹም ጥቂት የሚለይ ሆነ። ኮህ አፍሪካን አላሰበም። አሳታሚዎችና ማስታወቂያ ሠሪዎች ግን ቀስ በቀስ «ዱር»፣ «ጫካ»፣ «አፍሪካ» ለማለት ይጠቀሙበት ጀመር፤ እ.ኤ.አ. የ1993ቱ ጁራሲክ ፓርክ ፊልም ፖስተር ያደረገው የዚያን ቤተሰብ ነው። ዛሬ የአፍሪካ ልቦለድ ሽፋን፣ የሳፋሪ ድርጅት፣ የቡና ከረጢት ይህንኑ ፊደል ወይም አምሳያውን ይለብሳል። ከሌላው የአፍሪካ ክፍል በባሰ ለእኛ ይህ ያሳፍራል፤ የራሱ ፊደል ያለው አገር ቡናውን በጀርመናዊ ጥርብ ላቲን «አፍሪካዊ» ሲያስመስል። «ፐ»ን ለቲ፣ «ዐ»ን ለኦ እየተኩ የላቲን ስም በግእዝ ፊደል ማስመሰልም የዚሁ ታናሽ ወንድም ነው፤ ለማያውቀው ጌጥ፣ ለሚያውቀው ግራ መጋባት።

ሻካራ ፎንት የሚገዛ ወይም የሚያወርድ ሰው ከመክፈሉ በፊት የሚሞክራቸው ቃላት አሉ። «ጓሳ» ብሎ ይጻፍ፤ ጓ ከሌለ ባዶ ሳጥን ይወጣል፣ አለዚያም ከሌላ ፎንት ተበድሮ ይመጣል። «ቋንቋ»ም እንዲሁ። አራት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝና ትእምርተ ጥቅስ መኖራቸውን ይይ፤ በርካታ የጌጥ ፎንቶች ፊደሉን ጨርሰው ሥርዓተ ነጥቡን ይረሳሉ። የግእዝ ቁጥሮችን ይሞክር፤ ለዓመተ ምሕረት የሚፈልጋቸው ደንበኛ ይመጣል። «ቤት»ን በትልቁ ከዚያም በቢዝነስ ካርድ መጠን አትሞ ቀለበቷ ክፍት መሆኗን ይይ።

ከዚያ የማምረቻው ጣጣ ይመጣል። በእጅ ተጽፎ ስካን የተደረገ ፊደል ወደ ቬክተር ሲቀየር ጠርዙ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ነጥቦች ይፈጠራሉ። ባነር ማተሚያ ለዚህ ግድ የለውም። ስቲከር የሚቆርጠው ፕሎተር ግን ቢላዋ ነው፤ እያንዳንዱን ነጥብ ይከተላል፣ ይዘገያል፣ ጥቃቅኑን ስቲከር ይነቅላል፣ ሠራተኛውም ትርፉን ሲያነሳ ፊደሉን ይዞት ይነሳል። ለቲሸርት በስክሪን ማተም ከሆነ ሻካራው ፊደል ከማንም በላይ ይመቻል፤ ቀለሙ ጥቂት ቢያመልጥ ማንም አያውቅበትም። እንጨት ላይ በማሽን ሲቀረጽ ደግሞ ትንንሾቹ ሰበዞች ይሰበራሉ፤ ለዚያ ነጥቦቹን ቀንሶ ጠርዙን ማለስለስ ግድ ነው። ለብረት ፊደል ቅርጽ አውጪ ሻካራ ፎንት ይዞ የሚሄድ ደንበኛ ዋጋው እጥፍ ሲነገረው መደንገጥ የለበትም።

አዲስ ሻካራ ፎንት ለመሥራት ለሚነሳ ሰው ደግሞ ጥሬ ዕቃው በየመንገዱ ዳር ተሰቅሏል። አንድ ሰው ሁሉንም 231 ፊደል በአንድ ቀን ተቀምጦ በብሩሽ ቢጽፍ ከመሐል እጁ ይደክማል፣ የመጨረሻው ከመጀመሪያው አይመስልም። የሚሻለው ቃላት ማጻፍ ነው፤ የታፔላ ቃላት፣ የቦታ ስሞች፣ ፊደላቱ በጎረቤቶቻቸው መካከል የተቀመጡበት። ከዚያ መካከል እየመረጡ ማውጣት፣ ያልተገኘውን ጨምሮ ማጻፍ። እንዲህ ሲሠራ ለተደጋጋሚ ፊደል ሁለተኛና ሦስተኛ ቅርጽ ያለ ተጨማሪ ድካም ይገኛል።

ነገር ግን የሰው እጅ ነው። የደባርቅን ታፔላ በስልክ ፎቶ አንስቶ፣ በኮምፒውተር አጽድቶ፣ «የሰሜን ብሩሽ» የሚል ስም ሰጥቶ የሚሸጥ ሰው ባለቤቱን ሳይጠይቅ ነው የሚሸጠው። የሥዕል ሥራ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ውስጥ ከሚጠበቁት ሥራዎች አንዱ ነው። ሕጉ እስከ ፎንት ድረስ እንዴት እንደሚዘረጋ ጠበቆች ይከራከሩበት፤ ገንዘቡን ለመክፈል ግን ክርክሩ እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልግም። ለመጻፊያው ቀለምና ለቀኑ ድካም ከፍሎ፣ ከሽያጩ ድርሻ ተስማምቶ፣ በፎንቱ ፋይል ውስጥ ስሙን አስፍሮ መሥራት ይቻላል። ባለሙያውን ማግኘትም ችግር አይደለም፤ አብዛኞቹ ታፔላ ጻፊዎች ከሥራቸው ግርጌ በስተ ቀኝ ጥግ ላይ፣ በትንሹ፣ ስማቸውንና ስልክ ቁጥራቸውን ይጽፋሉ።